ኤኤስ/400 ላይ ትንሽ ፕሮግራም ለመሥራት ምን ልግዛ ለምትሉኝ

ስለ ኤኤስ/400፣ ስለ አይቢኤም የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር፣ ጥያቄው በወር አንዴ አይቀርልኝም። "እኛ ጋ አንድ አሮጌ ኤኤስ/400 አለ። ደንበኛው፣ ስቶኩ፣ ሂሳቡ ሁሉ እሱ ላይ ነው። አንድ ትንሽ ነገር ልንጨምርበት ፈልገን ነበር፣ ምን እንግዛ?" ይሉኛል። ትንሽ ነገር የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። ዝርዝር የሚያሳይ ስክሪን፣ ከዝርዝሩ አንዱን መርጦ ማስተካከያ ስክሪን፣ መጨረሻ ላይ የሚታተም ሪፖርት።

መልሴም ያው ነው። መጀመሪያ ምንም አትግዙ። ከዚያ "እሱማ ጥሩ፣ ግን አንድ ሻጭ መጥቶ እንዲህ አለን" ይጀመራል። እያንዳንዱን በስልክ አንድ ሰዓት ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ገለልተኛ አይደለሁም። በዚህ ነገር ሁለት ጊዜ ተበልቻለሁ፤ አንዴ በሶፍትዌር፣ አንዴ በማሽን። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

ስለ ስሙም አንድ ነገር፣ ሲገዛ ስለሚያደናግር። በ1988 ሲወጣ ኤኤስ/400 ነበር። በ2000 አይሲሪስ ተባለ፣ በ2006 ሲስተም አይ። ከ2008 ወዲህ ማሽኑ ፓወር ሲስተምስ ነው፣ በላዩ የሚሠራው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደግሞ አይቢኤም አይ። ሰዉ ግን እስካሁን ኤኤስ/400 ይላል፣ እኔም እላለሁ። ሻጩ በምን ስም እንደሚጠራው ጆሮ ስጡት። "አይሲሪስ አለኝ" ካላችሁ የሃያ ዓመት ዕቃ ነው የሚያወራው።

ምርጫዎቹ

አንድ ዓይነት ሥራ፣ የዕቃ ጥገና መዝገብ፣ በተለያየ ጊዜ በአምስት መንገድ ሠርቻለሁ። በዲኤፍዩ፣ በድሮው አርፒጂ (የማሽኑ የፕሮግራም ቋንቋ)፣ በኮድ ጀነሬተር (ኮዱን ራሱ የሚጽፍ ሶፍትዌር)፣ በአዲሱ አርፒጂ ከኤስኪዩኤል (የዳታ መጠየቂያ ቋንቋ) ጋር፣ በመጨረሻም በዌብ። መዝገቡ ላይ ያለው የዕቃው ቁጥር፣ የደንበኛው ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የተበላሸው ምን እንደሆነ፣ ዋጋውና የወጣበት ቀን ነው። ከዚህ የሚቀል የለም።

ዲኤፍዩን ቶሎ ልለፈው። ፋይል ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ማስገቢያና ማስተካከያ ስክሪን ይሰጣችኋል። አንድ መስመር ኮድ የለውም። እኔ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ከሃያው አሥሩ ቡና ነው። ከድሮዎቹ የፕሮግራም መሥሪያዎች ጋር አብሮ ስለሚመጣ ብዙ ቦታ ቀድሞ የተከፈለበት ዕቃ ነው። በዓመት ሁለቴ የምትነካ የኮድ ሠንጠረዥ ካለቻችሁ ከሱ የሚሻል አታገኙም። ለዋና ሥራ ግን እንዳታስቡት። የደንበኛ ቁጥር ስታስገቡ ደንበኛው በእርግጥ ይኑር አይኑር አይጠይቃችሁም። ሲዘጋም የተነካውን ሁሉ የሚዘረዝር የኦዲት ስፑል (ለመታተም የሚጠብቅ ዝርዝር) ያወጣል፣ ማንም አያነበውም፣ እዚያው ይከማቻል።

የድሮው መንገድ ዲዲኤስ (የፋይልና የስክሪን መግለጫ)፣ ኤስዲኤ (የስክሪን መሳያ) እና ዓምድ እየተቆጠረ የሚጻፍ አርፒጂ ነው። ስክሪኑ 24 መስመር በ80 ዓምድ ነው፣ ኤስዲኤ ላይ እንደ ሥዕል ትስሉታላችሁ። ኮዱ ላይ ደግሞ 6ኛው ዓምድ ላይ የምትጽፏት ፊደል መስመሩ የፋይል ይሁን የሥራ ትወስናለች። አንድ ዓምድ ከተንሸራተታችሁ ነገሩ ሁሉ ሌላ ነው። ከ01 እስከ 99 ያሉት ኢንዲኬተሮችም (የሚበሩና የሚጠፉ ምልክቶች) አሉ። 47 ስትበራ ምን ማለት ነው? ከአሥር ዓመት በፊት የጻፈው ሰው ያውቃል፣ እሱም ጡረታ ወጥቷል።

ግን አልሰድበውም። ዳታ የሚያስገቡ ሰዎች ይህን ስክሪን ይወዱታል። እጃቸው ከኪቦርድ አይነሳም፣ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነው፣ ማውዝ የሚባል ነገር የለም። አንዲት የሥራ ባልደረባችን በዚሁ የድሮ ስክሪን፣ አረንጓዴው በሚባለው፣ የምትጨርሰውን ክምር በሚያምረው የዌብ ስክሪን ስትሞክር ቀኑ መሸባት። ይህን ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት፣ ማንም ሻጭ አይነግራችሁም።

የድሮው መንገድ ዋጋ? ኮምፓይለሩ (ኮዱን ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚቀይረው) ካላችሁ ዜሮ። ሰውየው ግን ውድ ነው፣ ምክንያቱም እንዲህ የሚጽፍ ሰው እየጠፋ ነው። ወጣት ብትቀጥሩ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ኤስኢዩ የሚባለው የኮድ መጻፊያውም ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ስሪት 6.1 ወዲህ፣ ማለትም ከ2008 ጀምሮ፣ ቆሟል። በቋንቋው ላይ ከዚያ በኋላ የተጨመረውን አያውቅም። ትክክለኛ ኮድ ጽፋችሁ ስህተት ነው ይላችኋል፣ አዲስ ሰው ደግሞ ያምነዋል።

ኮድ ጀነሬተሩ፣ የመጀመሪያው ቁስሌ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሻጭ የሚያመጣላችሁ ይህንን ነውና።

ሰዎቹ መጥተው ማሳያ አደረጉ። ፋይሉን ገለጹ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ተጫኑ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የዝርዝርና የማስተካከያ ስክሪን ወጣ። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ አፋችንን ከፍተን ነበር። አለቃችን ዋጋውን ጠየቁ። የተባለው ዋጋ ከበድ ያለ ነው፣ ግን የአንድ ፕሮግራመር የዓመት ደመወዝ አይሞላም። ተገዛ።

ያልጠየቅነው ነገር ዋጋው በምን እንደተሰላ ነበር። በዚህ ዓለም የብዙ ሶፍትዌር ዋጋ የሚወጣው ማሽኑ ባለበት የፕሮሰሰር ቡድን ነው። ፒ05፣ ፒ10፣ ፒ20፣ ፒ30 እያለ ይቀጥላል። ሶፍትዌሩ ያው ራሱ፣ የሚጠቀሙት ሰዎች እነዚያው ናቸው፣ ማሽናችሁ ትልቅ ከሆነ ግን ዋጋው ሌላ ነው። እኛ የገዛነው በፒ10 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ማሽኑ ሲያረጅ ተቀየረ፣ አዲሱ ፒ20 ውስጥ ገባ። ከዚያ "ልዩነቱን ክፈሉ" የሚል ወረቀት መጣ። ልዩነቱ የአዲሱ ማሽን ዋጋ ሲሶ ነበር። ለምን? ለአንድ የጥገና መዝገብና ለአሥራ አንድ ሌሎች ስክሪኖች።

እሱ ብቻ ቢሆን። የዓመት ጥገና የሚባለው በኛ ውል ከዋናው ዋጋ አንድ አምስተኛ ነው። ልዩነቱ ሲጨመር ጥገናውም አብሮ አደገ። በአምስት ዓመት ስትደምሩት መሣሪያውን ሁለት ጊዜ ገዝታችሁታል ማለት ነው። አለቃችን አልከፍልም አሉ። መብታቸው ነው። ግን ቁልፉ ከማሽኑ ሲሪያል ቁጥር ጋር የታሰረ ስለሆነ ጀነሬተሩ አዲሱ ማሽን ላይ አልከፈት አለ። የተሠሩት ፕሮግራሞች ይሠራሉ። ማስተካከል ግን አይቻልም።

"ያወጣው የአርፒጂ ኮድ አለ አይደል፣ እሱን አስተካክሉ" አሉኝ። ከፍቼ አየሁት። ያቺ የማስተካከያ ስክሪን ብቻዋን አሥራ አንድ ሺህ መስመር ናት። የፊልዶቹ ስም ሰው ያወጣው አይደለም። ትርጉም የሌላቸው አራት አምስት ፊደሎች፣ ከኋላቸው ቁጥር። ሦስት ቀን ታግዬ ተውኩት። ቁጭ ብዬ ከባዶ ስጽፋት ስድስት መቶ መስመር ወጣች።

የሻጩን ስም አልጠራም። ነገሩ የአንድ ሻጭ ሳይሆን የአሠራሩ ነው። ሁለት መቶ ሦስት መቶ ስክሪን የምትሠሩ ትልቅ ቡድን ከሆናችሁ ጀነሬተር ዋጋውን ሊመልስ ይችላል፣ ሲመልስም አይቻለሁ። ለትንሽ ነገር ግን ዝንብን በመድፍ ነው፣ የመድፉንም የዓመት ኪራይ እየከፈላችሁ።

የግድ ከሆነባችሁ ሻጩን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ ማሽን ብንቀይር ስንት ነው? ሲሪያል ቁጥር ሲለወጥ ቁልፉን በነጻ ትቀይራላችሁ? ጥገና ብናቋርጥ መሣሪያው ራሱ መሥራቱን ይቀጥላል ወይስ የተሠራው ፕሮግራም ብቻ? መልሱን በቃል አትቀበሉ፣ ውሉ ላይ ይግባ። የሚቅለሰለስ ሻጭ ካያችሁ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

እኔ የምመርጠው

አዲሱ አርፒጂ ከኤስኪዩኤል ጋር። አለቀ።

አርፒጂ የሚለው ስም ሰውን ያስፈራል፣ ልክ ነው፣ ቋንቋው የ1959 ነው። ግን አርፒጂ አራት በ1994 ወጣ፣ በ2001 የሥራው ክፍል ከዓምድ ነጻ ሆነ፣ በ2013 የፋይልና የዳታ መግለጫዎቹም ነጻ ሆኑ፣ በ2015 ደግሞ ከመጀመሪያው ዓምድ ጀምራችሁ እንደፈለጋችሁ መጻፍ ተቻለ። ዛሬ አዲሱን አርፒጂ ለማንኛውም ፕሮግራመር ብታሳዩት ያነበዋል። እኔ አንድ ጃቫ ብቻ የሚያውቅ ልጅ አስቀምጬ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ስህተት አገኘብኝ።

የጥገና መዝገቡን በዚህ መንገድ ስሠራው ሁለት ቀን ወሰደ። በድሮው ሦስት ቀን ተኩል ነበር። ትልቅ ልዩነት አይመስልም። ልዩነቱ የሚመጣው በኋላ ሲጠገን ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በድሮው መንገድ ሥርዓቱ ሲሠራ ከቆየ በኋላ "የስልክ ቁጥር ይጨመር" ተባለ። አንድ ፊልድ ፋይሉ ላይ ጨመርኩ፣ ማታ ነው፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት ስልኬ ዕረፍት አጣ። ያንን ፋይል የሚከፍቱ ፕሮግራሞች ሁሉ ሲፒኤፍ4131 እያሉ ቆመዋል። ሌቭል ቼክ ይባላል። ፕሮግራሙ ሲኮምፓይል የነበረው የፋይሉ ቅርጽና የአሁኑ ቅርጽ አልገጠመም ማለት ነው። ሁሉንም እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነበረብኝ፣ ሠላሳ ምናምን ፕሮግራም። ያኔ አንድ "አዋቂ" ሌቭል ቼኩን አጥፋው ብሎ መከረኝ። እንዳትሰሙ። ቼኩ ሲጠፋ ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ነገር ግን ፊልዶቹ ቦታቸው ተዛንፎ ከሆነ የአንዱን ዳታ በሌላው ላይ ይጽፋል። ይህ ዝም ብሎ ከሚቆም ፕሮግራም እጅግ የባሰ ነው።

በኤስኪዩኤል የምትፈልጉትን ዓምድ በስም ትጠራላችሁ። ሌላ ዓምድ ቢጨመር ፕሮግራማችሁ አያገባውም። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓምድ ጨምሬያለሁ፣ ጠዋት ማንም አልደወለልኝም።

ሌላው የምሳ ሰዓት ችግር ነው። በቀድሞው አጻጻፍ ሪከርዱን ለማስተካከል ብላችሁ ስታነቡት ይቆለፋል። ሰውየው ስክሪኑን ከፍቶ ምሳ ከወጣ ሪከርዱ እንደተቆለፈ ነው። ሌላ ሰው ያንኑ ደንበኛ ሲነካ፣ የጥበቃ ጊዜውን ማንም ካልቀየረው፣ ማሽኑ 60 ሴኮንድ ይጠብቅና ስህተት ይጥላል። ሰው ደግሞ 60 ሴኮንድ ሙሉ ዝም ያለ ስክሪን አይታገስም፣ ማሽኑ ሞተ ብሎ ይደውላል። መፍትሄው ሳይቆልፉ ማንበብና ሲጽፉ "ከኔ በኋላ የነካው አለ?" ብሎ ማየት ነው። ከ6.1 ጀምሮ ሠንጠረዡ ራሱ የተለወጠበትን ሰዓት የሚይዝ ዓምድ ሊኖረው ይችላል፣ በሱ ታወዳድራላችሁ። በድሮውም መንገድ ይሠራል፣ ግን ሁሉን በእጃችሁ ነው የምትጽፉት።

ዋጋው። የኮድ መጻፊያው ቪኤስ ኮድ ነው፣ ነጻ። ኮድ ፎር አይቢኤም አይ የሚባለው ተጨማሪ ነጻና ክፍት ምንጭ ነው። ማሽኑ ላይ ኤስኤስኤች (የርቀት መገናኛ) መነሳቱን ብቻ አረጋግጡ። አርዲአይ የሚባለው የአይቢኤም መሣሪያ ጥሩ ነው፣ በሰው ቁጥር ይከፈልበታል። ሦስት አራት ሆናችሁ ትልቅ የድሮ ኮድ የምታርሙ ከሆነ አስቡበት። ለአንድ ትንሽ ሥራ ሲባል ግን አትግዙት።

ገንዘብ ሊጠይቅ የሚችል ነገር ቢኖር ኮምፓይለሩና የኤስኪዩኤል መሥሪያው ናቸው። እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአርፒጂ ውስጥ የተጻፈ ኤስኪዩኤል ለመኮምፓይል ያ የኤስኪዩኤል መሥሪያ ያስፈልጋል። ለማስኬድ ግን አያስፈልግም! ማሽናችሁ ሁለት ከሆነ አንዱ ላይ ብቻ ይኑር፣ እዚያ ኮምፓይል አድርጋችሁ ወደ ሌላው ውሰዱት። ሌላው ማሽን የቆየ ስሪት ላይ ቢሆንም ስትኮምፓይሉና ስታስቀምጡ የታለመውን ስሪት መግለጽ ይቻላል፣ ብዙውን ጊዜ እስከ ሁለት ስሪት ወደ ኋላ። ይህን ያላወቀ አንድ ጓደኛዬ መሥሪያ ቤቱ ለአራት ማሽን ላይሰንስ ከፍሎ ነበር። ሦስቱ በከንቱ።

አንድ ጉድጓድ አለ፣ ሁሉም አዲስ ሰው ይገባበታል። ሠንጠረዥ ትሠራላችሁ፣ ማንበብ ይሠራል፣ ማስተካከል ስትሞክሩ ኤስኪዩኤል7008 ይላችኋል። ፈቃድ ይመስላችኋል፣ አይደለም። ሠንጠረዡ ጆርናል አልተደረገም፣ ማለትም ለውጦቹ አይመዘገቡም፣ ፕሮግራማችሁ ደግሞ በኮሚት ቁጥጥር (ሁሉም ይጻፍ ወይም ምንም አይጻፍ) ነው የሚሠራው። በኤስኪዩኤል በተፈጠረ ስኬማ (የሠንጠረዦች ስብስብ) ውስጥ ሠንጠረዡ በራሱ ጆርናል ይደረጋል፣ በተራ ላይብረሪ ውስጥ ግን አይደረግም። ጆርናሉን አስጀምሩት። ኮሚቱን በማጥፋት የሚያልፉም አሉ፣ ግማሽ የተጻፈ ደረሰኝ እስኪገጥማቸው ድረስ።

ሕጎቻችሁን ደግሞ ሠንጠረዡ ላይ አስቀምጡ እንጂ ስክሪኑ ላይ ብቻ አይሁን። ዋጋ ከዜሮ በታች አይሁን፣ የሌለ ደንበኛ አይግባ የሚሉትን ማለቴ ነው። ያኔ አንዱ በዲኤፍዩ ቢገባ፣ ሌላው ከኤክሴል ቢገፋ፣ ማሽኑ ራሱ እምቢ ይላል።

ቀን ላይም ተጠንቀቁ። ዓመቱ በሁለት አሃዝ በሚጻፍ የቀን ቅርጽ ማሽኑ በተለመደው አሠራሩ የሚያውቀው ከ1940 እስከ 2039 ያለውን ብቻ ነው። ሩቅ ይመስላል። እኛ ጋ ግን በ2041 የሚያልቅ የኪራይ ውል ገብቶ ፕሮግራሙ ወደቀ። አዲስ ስትሠሩ አራት አሃዝ ዓመት ያለውን ቅርጽ ተጠቀሙ፣ ምንም አያስከፍልም።

ከላቲን ውጪ ባለ ፊደል ስም የምትመዘግቡ ከሆነ ዓምዱን ከመጀመሪያው ዩኒኮድ አድርጉት፣ ሲሲኤስአይዲ (የፊደል ኮድ ቁጥር) 1208 ወይም 1200። ማሽኑ ውስጡ ኢቢሲዲክ ነው፣ የአይቢኤም የፊደል ኮድ። ብዙ ማሽን ላይ ደግሞ የሲስተሙ የዚህ ቁጥር እሴት ከፋብሪካ እንደመጣ 65535 ሆኖ ይገኛል፣ ትርጉሙ "ምንም አትቀይር" ነው። ያኔ የጻፋችሁት ሌላ ቦታ ሲነበብ ጉድ ሆኖ ይወጣል።

ዌቡ

ፓይተን፣ ኖድ፣ ፒኤችፒ አዳዲሶቹ ስሪቶች ላይ ይሠራሉ፣ መሣሪያዎቹም ነጻ ናቸው። ሌላ ሰርቨር ላይ ሆናችሁም ጄቲ400 በሚባለው ክፍት ምንጭ የጃቫ ማገናኛ ዳታውን ማንበብ ትችላላችሁ። ተጠቃሚዎቻችሁ ከመሥሪያ ቤት ውጪ ካሉ ወይም አረንጓዴ ስክሪን ሲያዩ የሚሸሹ ከሆኑ መንገዱ ይህ ነው። ለሪፖርት ብቻ ከሆነማ ፕሮግራምም አያስፈልግም፣ ኤክሴልን በኦዲቢሲ (የዳታ ማገናኛ) አገናኙና ተገላገሉ።

እኔ የምለው ሥራውን የሚሠራውን ክፍል እዚያው በአርፒጂ ጻፉት፣ ዌቡ ይጥራው። መዝገቡን ሙሉ በሙሉ በኖድ የሠራሁ ጊዜ ያመጣኋቸው ፓኬጆች በዓመቱ ግማሾቹ አርጅተው ነበር። ጎኑ ያለው አርፒጂ ፕሮግራም በ1990ዎቹ ተጽፎ ያለ ንክኪ ይሄዳል።

አረንጓዴውን ስክሪን በራሱ ወደ ዌብ ቀይሮ የሚያሳየውስ? ቀለም መቀባት ነው። ለቀለም ደግሞ በተጠቃሚ ቁጥር ይከፈላል። አልመክርም።

ያገለገለ ማሽን ልግዛ የምትሉ

ሁለተኛው ቁስሌ። ለልምምድና ለመሥሪያ ይሆነኛል ብዬ ያገለገለ ማሽን ከራሴ ኪስ ገዛሁ። ርካሽ ነበር። ሻጩ "ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ኮምፓይለሩ፣ ሁሉም ተጭኗል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ተጭኗል። አብርቼ ስገባ ሁሉም ይሠራል። ሁለት ወር ያህል ደስ ብሎኝ ሠራሁ። በ70ኛው ቀን ቆመ።

70 ቀን የችሮታ ጊዜ ነው። የላይሰንስ ቁልፍ ሳይገባ ሶፍትዌሩ የሚታገሠው ለዚያ ያህል ነው። ሻጩ የራሱ ያልሆነ ኮፒ ጭኖ፣ ሰዓቱ መቁጠር ሲጀምር ለኔ ሸጦታል። ቁልፉ የሚወጣው ለማሽኑ ሲሪያል ቁጥር ነው፣ ላይሰንሱም በሕጋዊ መንገድ ወደ ገዢው ካልተዛወረ ያላችሁ ብረት ብቻ ነው። ላይሰንሱን ለመግዛት ስጠይቅ ዋጋው የማሽኑን ብዙ እጥፍ ሆነ። ሻጩ ስልክ አያነሳም።

ገና አላለቀም። አንድ ዲስክ ሞተ። ምትክ ገዛሁ፣ ላዩ ላይ ትክክለኛው የዕቃ ቁጥር ተለጥፏል። ማሽኑ ጭራሽ አላየውም። የእነዚህ ማሽኖች ዲስኮች የሴክተር መጠን 520 ባይት ወይም ከዚያ በላይ ነው፣ ተራው የሰርቨር ዲስክ 512 ነው። አንዱ ተራ ዲስክ ላይ ስቲከር ለጥፎ በሦስት እጥፍ ሸጠልኝ። ስቲከሩን በጥፍሬ ሳነሳው ከሥሩ ሌላ ስቲከር አለ። የሬይድ ካርዱን (ዲስኮቹን የሚመራውን) የካሽ (የጊዜያዊ ማከማቻ) ባትሪም እንዲሁ፣ አዲስ ቀን የተጻፈበት ያረጀ ባትሪ ሰጡኝ። ባትሪው ሲሞት ካርዱ ካሹን ይዘጋል፣ ጽሑፍ ሁሉ በቀጥታ ዲስክ ላይ ይሆናል፣ ማሽኑ እንደ ኤሊ ይሄዳል።

በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጡት ሞዴሎች ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የአረንጓዴ ስክሪን አቅም ለብቻው የሚሸጥ ነበር፣ ኢንተራክቲቭ ካርድ ይባላል። ፕሮሰሰሩ ትልቅ ሆኖ ካርዱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ተጠቃሚዎቹ ከካርዱ ልክ ሲያልፉ ሲኤፍኢንት የሚባል የሲስተም ሥራ ተነስቶ ፕሮሰሰሩን ይበላል፣ ሁሉም ነገር ይንቀረፈፋል። ማሽኑ አልተበላሸም፣ ያልተከፈለበትን እየከለከላችሁ ነው። ስለዚህ ሻጭ የፕሮሰሰሩን ጉልበት ሲነግራችሁ የካርዱንም ጠይቁት።

ለመማር ከሆነ ብረት አትግዙ። ፐብ400 የሚባል በነጻ አካውንት የሚሰጥ አይቢኤም አይ አለ፣ አርፒጂውንም ኤስኪዩኤሉንም እዚያ ትሞክራላችሁ። ለእውነተኛ ሥራ ትንሽ የማሽን ክፍልፋይ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከክላውድ መከራየት ይቻላል፣ ላይሰንሱ ከኪራዩ ጋር ነው፣ ባትሪና ዲስክ የናንተ ጣጣ አይደለም።

የማሽናችሁ ስሪት ቪ5አር4 (ከ6.1 በፊት ያለው) ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግማሹ ምክሬ አይሠራላችሁም። የሥራውን ክፍል ከዓምድ ነጻ መጻፍና ኤስኪዩኤልን በመሃሉ ማስገባት ቪ5አር4 ላይ ይቻላል፣ መግለጫዎቹ ግን በዓምድ ናቸው፣ ፓይተንና ኖድ አይታሰቡም። እንደዚያም ሆኖ ጀነሬተር አትግዙ። ገንዘቡን ስሪቱን ለማሳደግ አውሉት።

እና ከመደወላችሁ በፊት ሦስት ነገር ይዛችሁ ደውሉልኝ። የትእዛዝ መስመሩ ላይ ጎ ሊክፒጂኤም (GO LICPGM) ብላችሁ 10 ምረጡ፣ ምን ምን እንደተጫነ ይዘረዝራል፣ ፎቶ አንሱት። የላይሰንስ መረጃ ከሚያሳየው ስክሪን ላይ የፕሮሰሰር ቡድናችሁን ጻፉ። ሦስተኛው፣ ሙሉ ባክአፕ፣ የሴቭ ሜኑው 21 ቁጥር፣ መጨረሻ የተሠራው መቼ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ "ቴፑ የት እንዳለ እንፈልግ" ከሆነ ስለ ፕሮግራሙ ሳይሆን መጀመሪያ ስለ ቴፑ ነው የምናወራው።